አና ወይስ ፖሊና? የሁለቱ እህትማማቾች ነገር

ስለ ሩሲያ ሴቶች የእጅ ኳስ ሲወራ ሁሉም የሚጠራው አና ቪያኺሬቫን ነው። ይገባታል። ግን ታላቅ እህቷ ፖሊና ኩዝኔትሶቫ ስትረሳ ያንገበግበኛል።

አና ግራኝ ናት፣ ከቀኝ በኩል ከኋላ ነው የምትነሳው። በቁመት የሚበልጧት ተከላካዮች ይከቧታል፤ አንዷን በሰውነቷ ሸውዳ ታልፍና ሌላዋ ሳትደርስባት ኳሱ መረብ ውስጥ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሩሲያ ፈረንሳይን 22 ለ 19 አሸንፋ ወርቅ ስትወስድ፣ ገና በ21 ዓመቷ የውድድሩ ኮከብ ተባለች። ቶኪዮ ላይ በፍጻሜው በፈረንሳይ ተሸነፉ፣ ኮከቧ ግን አሁንም እሷ! ከዚያ እረፍት ወሰደች፣ ተመልሳም ከኖርዌዩ ክለብ ቫይፐርስ ጋር በ2023 የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ በላች።

ፖሊና ደግሞ የግራ ክንፍ ናት። በስምንት ዓመት ትበልጣታለች፣ የሪዮውን ወርቅም አብረው ነው ያጠለቁት። የክንፍ ተጫዋች ኳስ እስኪደርሳት ብዙ ትጠብቃለች፣ ሲደርሳትም ጎሉ የሚታያት ከጠባብ ማዕዘን ነው። ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም።

ጨዋታው ሲጨንቅ ኳሱን ለአና ነው የምሰጠው፣ አላመነታም። ክንፍ ላይ መጫወት የጀመረች ልጅ ብትጠይቀኝ ግን ፖሊናን እይ እላታለሁ።