ለትልቅ ምድጃ የትኛው መብራት ይሻላል? ኤልኢዲ፣ የኦቨን አምፖል ወይስ ከውጭ የሚያበራ

የኤልኢዲ አምፖል ካርቶን አገላብጣችሁ አንብቡ። አብዛኛው ላይ የአካባቢው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ የሚል ታገኛላችሁ። የድሬዳዋ ሰው ግንቦትና ሰኔን ያውቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ኩሽና እሳት ሳይነድበትም ወደዚያ ይጠጋል። ግድግዳ ውስጥ ገባ ብሎ በተሠራ፣ እንጨትና ከሰል በሚነድበት ሰፊ ምድጃ ውስጥማ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።

ብርሃኑ ግን የግድ ነው። ማታ ጥብስ የሚጠብስ ሰው የሥጋውን መልክ በፍም ብርሃን ብቻ አይለይም። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉትን ምርጫዎች ጎን ለጎን እንያቸው።

በቅድሚያ ተራው ኤልኢዲ። 9 ዋቱ ወደ 800 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል፣ ቆጣሪም አያስሮጥም። ችግሩ አንገቱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ነው። እዚያ ያለችው ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜዋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ምድጃ ላይ ከርሞ የወጣ አምፖል አይታችሁ እንደሆነ ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኗል፣ በጥፍር ሲነካ ይሰነጠቃል፣ ጉልላቱን ስብና ጥላሸት ለብሶታል። እሳቱ አጠገብ አትስቀሉት። በማጣበቂያ የሚለጠፈው ስትሪፕ ላይትማ ጭራሽ አይታሰብ። ማጣበቂያው ይለቅና ከነሽቦው ፍም ላይ ይወርዳል።

መብራት ሲጠፋ የሚበራውን ባለ ባትሪ አምፖል እዚያ የሚሰቅሉም አሉ። እባካችሁ ተዉት። ውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ሙቀት ያሳብጠዋል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

የኦቨን አምፖል ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ናት፣ 15፣ 25 ወይም 40 ዋት፣ ላይዋ ላይ 300 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል። ውስጧ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለ ሙቀት የሚያቃጥልባት ነገር የለም። በሙቀት መቻል ተወዳዳሪ የላትም። ብርሃኗ ግን ደካማ ነው፤ ባለ 40 ዋቷ የምትሰጠው ቢበዛ የ9 ዋቱን ኤልኢዲ ግማሽ ያህል ነው። ዕድሜዋም አጭር ነው። በቀን 5 ሰዓት ብትበራ በወር 6 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች፤ ኤልኢዲው 1.35 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ 300 ዲግሪው የአምፖሏ እንጂ የመያዣዋና የሽቦዋ አይደለም። ተራው የፒቪሲ ሽቦ የሚችለው 70 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ይደርቃል፣ ሲታጠፍም ልባሱ እየተፈረፈረ መዳቡ ይገለጣል። መያዣው የሸክላ፣ ሽቦው 180 ዲግሪ የሚችል የሲሊኮን መሆን አለበት። እነዚህን ካላገኛችሁ አምፖሏንም አትግዙ።

ሃሎጅን ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ግን ራሱ እጅግ ይግላል፣ ስብ ቢፈናጠቅበት መስታወቱ ሊፈነዳ ይችላል። ለጥብስ ምድጃ አልመርጠውም።

እኔ የምመርጠው መብራቱን ከምድጃው ማስወጣት ነው። አካሉ አሉሚኒየም የሆነ ኤልኢዲ ስፖት፣ ከምድጃው አፍ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ራቅ ብሎ ከጎን ወደ ውስጥ ያብራ። ከጎን መሆኑ ዋጋ አለው፤ ከጀርባ ከሆነ የምግብ አብሳዩ ጥላ ሥጋው ላይ ያርፋል። ከአፉ ቀጥ ብሎ ከላይም አታድርጉት፤ ጭስ ማውጫው ያልሳበው ትኩስ አየር የሚወጣው በዚያ ነው። ድራይቨሩ፣ ማለትም ለኤልኢዲው ኤሌክትሪኩን የሚያመጥንለት ክፍል፣ ለብቻው የሆነውን ብታገኙ ይበልጥ ጥሩ፤ እሱን ነፋሻ ቦታ ታስሩታላችሁ። የሥጋ ቀለም በትክክል እንዲታይ ሲአርአይ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚለውን ፈልጉ።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስትገቡ ሻጩ “አይፒ65 ነው፣ ምንም አይነካውም” ሊላችሁ ይችላል። አይፒ65 አቧራና ውኃ እንዳያስገባ ነው፣ ስለ ሙቀት የሚለው ነገር የለም። የሙቀቱን ቁጥር ለብቻው ጠይቁ።

ምድጃው በጣም ጥልቅ ሆኖ ከውጭ ያለው ብርሃን ጥጉ ድረስ ካልደረሰ፣ ያኔ ውስጥ አንድ የኦቨን አምፖል ጨምሩ። ከመግጠማችሁ በፊት ግን የኦቨን ቴርሞሜትር በዚያው ቦታ ሰቅላችሁ ምድጃው በደንብ በሚነድበት ሰዓት አንብቡ። ከ150 በላይ ካሳየ ሲሊኮኑም ገደቡን እየተጠጋ ነውና ቦታውን ዝቅ አድርጉ ወይም ወደ አፉ አስጠጉት። የብረት አካል ያለው መብራት ሁሉ የመሬት ሽቦ ይኑረው፣ የሽቦዎቹ መገናኛም ከምድጃው ውጭ ይሁን። ይህን ሥራ ለኤሌክትሪሺያን ስጡት።