ለዓይኔ ስር ጥቁረት ዘጠኝ ወር የተቀባሁት ክሬም

«ምነው፣ ደክሞሻል?» ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ቢሮ ስገባ እንኳ በር ላይ ያሉት ጋሼ «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» ይሉኛል። አላመመኝም። ከዓይኔ ስር ያለው ጥቁረት ነው። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ፤ አሁን 34 ሞልቶኛል። ሰው በደግነት የሚጠይቀው ነገር በየቀኑ ሲደጋገም ያማል። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የካቲት ላይ ቦሌ አካባቢ ካለ ፋርማሲ አንድ የዓይን ክሬም ገዛሁ። 15 ሚሊ ሊትር ብቻ የምትይዝ ቀጭን ቲዩብ ናት፤ 2,400 ብር። ለእኔ ቀላል ብር ስላልሆነ በደንብ ልከታተለው ብዬ ወሰንኩ። ስሙን ከምነግራችሁ ውስጡ ያለውን ብነግራችሁ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዛሬ መደርደሪያ ላይ ያያችሁት ብራንድ በሚቀጥለው ወር ላይኖር ይችላል። ካፌይን፣ ናያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት)፣ እንዲሁም ቆዳን የሚያረጥቡት ግሊሰሪን እና ሃያሉሮኒክ አሲድ አሉበት። ሽታ የለውም፤ እኔም የፈለግኩት እንደዚያ ያለውን ነበር። ሽቶ ያለበት ነገር ዓይኔ አጠገብ ሲደርስ ያቃጥለኛል።

በየእሁዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሳሎን መስኮቱ ስር ቆሜ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ያለ ፎቶ ለውጥን ማወቅ አይቻልም። መስታወት በየቀኑ የሚያዩት ስለሆነ ያታልላል።

መጀመሪያ የተለወጠው እብጠቱ ነው። ጠዋት ስነሳ ከዓይኔ ስር፣ በተለይ በተኛሁበት ጎን፣ ትንሽ ከረጢት የመሰለ ነገር ይኖር ነበር። ካፌይን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ለጊዜው ያጠብባል፤ ክሬሙን ከተቀባሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ ከረጢት ረገብ ይላል። ግን ለጊዜው ነው። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ የለም። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ በልቼ ወዲያው ከተኛሁ ደግሞ ጠዋት ላይ ምንም ብቀባ አይረዳኝም። እራት ቀደም አድርጌ በልቼ ትራስ ደርቤ መተኛት ስጀምር የበለጠ ለውጥ አየሁ።

ቀለሙ ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። የየካቲትና የሚያዝያን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ልዩነት አጣሁ። በዚያ ላይ በአምስተኛው ሳምንት ነጫጭ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ጠጣር ነገሮች ከዓይኔ ስር ወጡ። ቶሎ እንዲሠራ ብዬ ማታ ማታ ወፈር አድርጌ እቀባ ነበር። መጠኑን ለሁለቱም ዓይን አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ሳደርገው ቀስ በቀስ ጠፉ። ዓይን ስር ያለው ቆዳ በጣም ስስ ነው፤ ብዙ መቀባት አይጠቅመውም። በቀለበት ጣት፣ ሳይጎትቱ፣ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል።

ፋሲካ ላይ ደሴ ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። ሳሎን ግድግዳው ላይ የእማዬ የሰርግ ፎቶ አለ፤ ልጅ ሆኜ ጀምሮ የማየው ጥቁርና ነጭ ፎቶ። በዚያን ቀን ግን ጠጋ ብዬ አየሁት። የ22 ዓመት ሙሽራ ናት፤ ከዓይኗ ስር የእኔው ጥላ ቁጭ ብሏል። «እማዬ፣ ያኔም ነበረብሽ?» አልኳት። «አያትሽም እንዲያው ነበሩ» አለችኝ። የዓይን ስር ጥቁረት በዘር እንደሚመጣ አነብብ ነበር። በእናቴ ፊት ላይ ሳየው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ላይ መናደዴን ተውኩ።

ከዚያ ስመለስ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። መጀመሪያውኑ እዚህ ብጀምር ኖሮ ብዙ ብር ይተርፈኝ ነበር። ሐኪሟ የእጅ መስታወት ሰጠችኝና «ወደ አምፖሉ ቀና በይ» አለችኝ። ቀና ስል ከጥቁረቱ የተወሰነው ጠፋ። ያ ቀለም አልነበረም፤ ዓይን ስር ካለው ጎድጓዳ ቦታ የሚመጣ ጥላ ነው። ለእሱ ክሬም ምንም አያደርግለትም። ቀጥላ ቆዳዬን በቀስታ ወደ ጎን ሳብ አደረገችው። ቡናማው ቀለም እንዳለ ቀረ። ይኼኛው እውነተኛ ቀለም ነው፤ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ በብዛት የሚታየው። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የሚመስል ቢሆን ኖሮ በስሱ ቆዳ ውስጥ የሚታየው የደም ሥር ነው ማለት ነው።

«ዓይንሽን ታሺያለሽ?» አለችኝ።

«አላሽም» አልኩ።

ከዚያ ወሬያችንን ቀጠልን። ትንሽ ቆይታ «አሁን ሁለት ጊዜ አሸሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እጄ እዚያው ዓይኔ ላይ ነበር። ለካስ ለዓመታት አለርጂ ኖሮብኝ አላውቅም። አቧራ ሲነሳ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአበባ ሲሞላ ዓይኔን ይበላኛል፤ እኔም አሻለሁ። በየጊዜው የሚታሽ ቆዳ ይቆጣል፤ የእኛ ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ይጠቁራል። የአለርጂ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ሲበላኝ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እንድይዝ፣ ክሬሙን እንድቀጥል፣ ጠዋት ጠዋት የፀሐይ መከላከያ እንድጨምርም ነገረችኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። ያለ ፀሐይ መከላከያ የማጥቆሪያ ሥራውን ፀሐይ ትሠራለች፣ ክሬሙ ብቻውን አይችላትም። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን መረጥኩ፤ ሌላው ዓይኔን ያስለቅሰኝ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ናያሲናማይድ ቀለሙ ወደ ላይኛው የቆዳ ክፍል እንዳይሸጋገር ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የእሁዱን ፎቶ ሳይ የጥቁረቱ ጠርዝ ሳስቷል። ወደ ጉንጬ ወርዶ የነበረው ቡናማ መስመር ወደ ላይ ተሰብስቧል። ውስጠኛው ጥግ፣ አፍንጫዬ አጠገብ ያለው፣ አሁንም እንዳለ ነው። መስከረም ላይ አበባው ሲወጣ ማሳከኩ ተመለሰ፤ አንድ ሳምንት እጄን መቆጣጠር አቅቶኝ ጥቁረቱ ትንሽ ተመለሰ። ጥቅምት ላይ እንደገና ተሻለው። ከየካቲቱ ጋር ሳነጻጽረው ሲሶው ለቅቋል ብል አላጋነንኩም።

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ልበል። ሎሚ አትቀቡ። ጓደኛዬ መክራኝ ሞክሬው ነበር፤ አቃጠለኝ፣ ቀይ ሆኖ ሰነበተ፣ ከዚያ ብሶ ጠቆረ። የቡና አተላም ለዓይን ስር ሻካራ ነው፤ ካፌይን አለው ተብሎ ስስ ቆዳ አይፈተግም። ቀዝቃዛ ኪያር ወይም ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ማንኪያ ለእብጠት ለጥቂት ጊዜ ይረዳል፤ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛው ከልቤ የምለምናችሁ ነው። ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ ተቀላቅሎ በቆርቆሮ የሚሸጥ «ማቅያ» ዓይናችሁ አጠገብ አታድርሱ። አንዳንዱ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለበት። በሳምንት ውስጥ ሲያቀላ ደስ ይላል፤ ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ደግሞ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) እና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። እርጉዝ ከሆናችሁም የክሬሙን ጀርባ አንብቡ፤ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ካለበት ይቅርባችሁ።

አንድ ቲዩብ ለሦስት ወር ያህል ይበቃኛል፤ አሁን ሦስተኛው እያለቀ ነው። ስትገዙ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ ምስል ፈልጉ፤ እሱ ላይ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ይነግራችኋል። አራተኛውን እገዛለሁ። እማዬም ደውላ «ለእኔም ጨምሪልኝ» ብላኛለች፤ ለገና ስሄድ ሁለት ይዤ እሄዳለሁ።