ካሁት ወይስ አንኪ?

ሐረር ባለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ አናቶሚ የሚሸመድድ ተማሪ ካሁትና አንኪ የሚባሉትን ሁለቱንም የመማሪያ መተግበሪያዎች በስልኩ ሊጠቀም ይችላል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ካሁት እ.ኤ.አ. በ2013 ከኖርዌይ የመጣ የጥያቄ ጨዋታ ነው። መምህሩ ጥያቄውን በፕሮጀክተር ያሳያል። ተማሪው የጨዋታውን ፒን (መግቢያ ቁጥር) አስገብቶ ይገባና ስልኩ ላይ ካሉት ባለቀለም ምልክቶች አንዱን ይነካል። «ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ የቱ ነው?» ሲባል ከኋላ የሚያንቀላፋው ሳይቀር ቀና ይላል። ችግሩ ፍጥነትም ነጥብ ማስገኘቱ ነው፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ገምቶ ይሳካለታል። ደግሞ ኔትወርክ ከተቆራረጠ ወይም መብራት ከጠፋ ጨዋታው አበቃ።

አንኪ ፊታቸው ጥያቄ፣ ጀርባቸው መልስ የሆኑ ካርዶች የሚጠኑበት መተግበሪያ ነው፤ ጭር ያለ ነው። ሙዚቃ የለ፣ ጭብጨባ የለ። የካርዱን ፊት ታያላችሁ፣ መልሱን ለራሳችሁ ትላላችሁ፣ ከዚያ ትገልጡታላችሁ። ምን ያህል እንደከበዳችሁም ትነግሩታላችሁ። የከበደው ቶሎ ይመለሳል፤ የቀለለው ከቀናት፣ ቆይቶም ከወራት በኋላ። ካርዶቹ ስልኩ ላይ ስለሚቀመጡ ለማጥናት ዳታ አይፈልግም፤ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥም ይሠራል። የአንድሮይዱ ነፃ ነው፣ የአይፎኑ ይከፈልበታል። ካርዱን ራሳችሁ ብትሠሩት ይሻላል። የሰው ካርድ መሸምደድ ያው የሰው ሃንድአውት መሸምደድ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለክፍሉ ካሁት፣ ለፈተናው አንኪ። አንዱን ብቻ ከተባለ አንኪን እመርጣለሁ። የሳምንት ካርድ ሲከመር ግን ያስለቅሳል፤ በየቀኑ ለማይከፍተው ሰው አልመክርም።