ካምፓኞሎ ወይስ ሰንቱር? አሮጌ ኮርስ ለምታድሱ

"ወንድሜ፣ ይቺን በ80 ዶላር ልውሰዳት?"

በወር ሁለት ሦስቴ እንዲህ ያለ መልእክት ከፎቶ ጋር ይደርሰኛል። ፎቶው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ጋራዥ ውስጥ፣ ከሣር ማጨጃው ጎን፣ ጎማው የተነፈሰ፣ አቧራ የለበሰ ኮርስ (የውድድር) ብስክሌት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጋራዥ ሞልቷል። ከ1971 እስከ 1974 አሜሪካኖች ኮርስ ካልገዛን ብለው ተሻምተው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ብዙዎቹ አንድ በጋ ነድተው ሰቀሉት። አሁን ልጆቻቸው ቤት ሲሸጡ ያወጡታል።

ብስክሌቱ ከተገዛ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። "በዘመኑ ዕቃ ላድሳት ነው፤ ካምፓኞሎ ልግዛላት?"

አትግዛላት። ሰንቱር ግዛላት። ሁለቱም የብስክሌት ዕቃ ስም ናቸው፤ ካምፓኞሎ የጣሊያን፣ ሰንቱር የጃፓን። ይህን በስልክ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

ካምፓኞሎን አትግዙ የምለው ጠልቼው አይደለም። እንዲያውም የተማርኩት በሱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ውድ ነበር። መጀመሪያ ያደስኩት የጣሊያን ፍሬም ነው። ኮሎምበስ ቱቦ፣ ባዶውን፣ 250 ዶላር። ክረምቱን ሙሉ ዕቃውን አንድ በአንድ ለቀምኩለት። የኋላ ካምቢዮ (ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረው)፣ የካምፓኞሎው ኑዎቮ ሪከርድ፣ 95 ዶላር። የፊት ካምቢዮ 45። የማርሽ እጀታዎቹ 50። ክራንክ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) 140። እሱ ስላልሆነ ሌላ ክራንክ 160። ፍሬን ከነእጀታው 170። ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) ጥንዱ 120። የክራንክ ኩሽኔታ 60፣ የመሪው 70። የኮርቻ ዘንግ 60። ፔዳል 90። ደምሩት፤ 1060 ዶላር። ቸርኬ፣ ራጂ፣ ጎማ፣ ሰንሰለትና ኮርቻ ገና አልገቡም። ባለቤቴ የፖስታ ሰውየውን በስሙ መጥራት ጀምራ ነበር።

ሁለተኛውን ሳድስ ብልጥ ሆኜ ነበር። የእንግሊዝ ፍሬም ነው፣ ሬይኖልድስ 531 ቱቦ፣ ከጎረቤት በነፃ ያገኘሁት። ዕቃ መልቀሙን ትቼ አንድ ሙሉ የጃፓን ብስክሌት በ90 ዶላር ገዛሁ። ለኔ በጣም ረጅም ነው፣ ላይኛው ቱቦም ተጣሟል፤ ማንም አልፈለገውም። ላዩ ላይ ያለውን ግን ተመልከቱ። ሰንቱር ሳይክሎን ካምቢዮ የፊትና የኋላ፣ ሰንቱር የማርሽ እጀታ፣ ሱጊኖ ክራንክ ከነኩሽኔታው፣ ዲያ ኮምፕ ፍሬን፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ቸርኬዎች። ሁሉንም ፈታሁት። ከዚያ አዲስ ጎማ 60፣ ፔዳል 40፣ የኋላ ጥርስ 25፣ ካቦ 20፣ ሰንሰለት 15፣ የፍሬን ጎማ 15። ድምሩ 265። የተጣመመውን ፍሬም ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ለፈለገ ካፌ በ25 ሸጥኩት። 240 በሉት።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው ነው። ዕቃ በችርቻሮ አትግዙ፤ የሚታረድ ብስክሌት ግዙ። ኒሺኪ፣ ፉጂ፣ ዩኒቬጋ፣ ሴንቹሪዮን የሚሉትን ስሞች ያዙ። ፍሬሙ የተመታ ወይም ማንም የማይደርስበት ቁመት ያለው ከሆነ ዋጋው ይወርዳል፤ ዕቃው ግን ያው ነው።

"እሺ፣ ግን ጃፓን ምኑ ነው የዘመኑ ዕቃ?" የሚል አይጠፋም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የምንጠጣበት ቤት አንድ አባት አሉ፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ላይ የተወዳደሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ስለነዱት ስለነ ገረመው ደንቦባ ማውራት ከጀመሩ ቡናው ይቀዘቅዛል። እሳቸው ዘንድ ጉዳዩ አከራካሪ አይደለም። "ካምቢዮ ከሆነ ካምፓኞሎ ነው፤ ሌላው የልጅ መጫወቻ ነው" ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ቋንቋችን ራሱ ለጣሊያን ያደላል። ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ፊሌት እያልን አድገን ለጃፓን ዕቃ ልባችን ቶሎ አይከፈትም።

የዘመኑ ዕቃ ማለት ግን የዘመኑ ዕቃ ነው፤ የጣሊያን ዕቃ ማለት አይደለም። ከ1997 ጀምሮ ጣሊያን፣ ቶስካና ውስጥ በጋዮሌ የሚካሄደውን ኤሮይካ የሚባለውን የአሮጌ ብስክሌት ጉዞ ውሰዱ። የአሮጌ ኮርስ ወዳጆች መካ ነው። ደንቡ የሚለው ብስክሌቱ ከ1987 በፊት የተሠራ የብረት ኮርስ ይሁን፣ የማርሽ እጀታው ታችኛው ቱቦ ላይ ይሁን፣ የፍሬን ካቦው ከመሪው ወጥቶ ይታይ፣ ፔዳሉ ባለማሰሪያ ይሁን ነው። የየት አገር ዕቃ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደግሞም በሰባዎቹ እዚህ አሜሪካ የፈረንሳዩ ሲምፕሌክስ ፕላስቲክ ካምቢዮ ሲሰበር ባለሱቁ የሚገጥመው ሰንቱር ነበር። ፔዦ ብስክሌት ላይ ሰንቱር ካያችሁ ታሪኩን አላበላሸም፤ ታሪኩ ራሱ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ሰንቱር በ1964 ያወጣው ካምቢዮ ሰያፍ ሆኖ ነው የሚሄደው። የኋላው ጥርስ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲያድግ ካምቢዮውም አብሮ ቁልቁል ይወርዳል። በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት አይለዋወጥም። ስለዚህ ማርሹ ጠቅ ብሎ ይገባል። ኑዎቮ ሪከርድ ግን አግድም ነው የሚሄደው። እጀታውን ከሚገባው በላይ ጎትታችሁ፣ ሲገባ ደግሞ ትንሽ መልሳችሁ፣ በጆሮ ነው የምታስተካክሉት። ለሚወደው ሰው ጥበብ ነው። ዳገት መሃል ላይ ለኔ ጭንቅ ነው። በ1984 የሰንቱር የባለቤትነት መብት ሲያልቅ ሺማኖና ሌሎቹ ያንን ሰያፍ ቅርጽ ወዲያው መውሰዳቸው ሁሉን ይናገራል።

ጥርሱም አለ፤ የኋላው በተለቀ ቁጥር ዳገቱ ይቀላል። ኑዎቮ ሪከርድ ከ26 ጥርስ በላይ ደስ አይለውም። የሰንቱር ቪ ጂቲ 34 ይችላል። ሃያ ዓመታችሁ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ጉልበታችሁ ሲነሳ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ደግማችሁ አንብቡት።

ወደዚያ 140 ዶላር ክራንክ ልመለስ። ኢንተርኔት ላይ የሸጠልኝ ሰው "ያልተነካ፣ ከካርቶን ያልወጣ" ብሎ ነው የጻፈው። መስታወት ይመስላል፤ ፊት ያሳያል። ገጠምኩት፣ ሁለት ወር ነዳሁበት። አንድ ቅዳሜ ሰንሰለት ስጠርግ ክንዱ የፊት ጥርሱን ከሚይዙት አምስት ጣቶች ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ፀጉር ተጣብቆ አየሁ። በጨርቅ ጠረግሁት። አልሄደም። በጥፍሬ ላነሳው ሞከርኩ። ጥፍሬ ያዘው። ፀጉር አይደለም፣ ስንጥቅ ነው። የካምፓኞሎ ክራንክ የታወቀ በሽታው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ሰውየው በቅባት አሽቶ፣ አብርቶ ሸውዶኛል። ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ ቢለቀኝ ኖሮ ጥርሴም የዘመኑ አይሆንም ነበር። ብሬን አልመለሰልኝም።

አሁን የምገዛው እንዲህ ነው። ሻጩን ሦስት ፎቶ እጠይቀዋለሁ። አንደኛ፣ የዚያ ጥግ፣ ከጎን ብርሃን ጋር። ሁለተኛ፣ ክራንኩ ዘንጉ ላይ የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጡን። ያልተገጠመ ክራንክ እዚያ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ጭረት የለውም፤ ካለው "አዲስ" የሚለው ቃል ውሸት ነው። ሦስተኛ፣ የክንዱን ጀርባ። ካምፓኞሎ እዚያ የዓመቱን ቁጥር ያትም ነበር፤ በሰባዎቹ አልማዝ ቅርጽ ውስጥ፣ በሰማንያዎቹ ክብ ውስጥ። ፎቶ የማይልክ ሻጭ ዕቃው ይቅርበት።

ኮፒውም ብዙ ነው፤ ሁሉ ኮፒ ግን እኩል አይደለም። በዘመኑ ጣሊያኖቹ ኦፍሜጋና ጂፒዬሜ፣ የስፔኑ ዜውስም፣ ካምፓኞሎን የሚመስል ዕቃ በየራሳቸው ስም ያወጡ ነበር። እነሱ ደህና ናቸው፣ ርካሽም ናቸው፣ የዘመኑም ናቸው። የሚያቃጥለው የዛሬው ፎርጅድ ነው። የፍሬን እጀታ ላስቲክ የካምፓኞሎ ማኅተም ያለበትን በ35 ዶላር ገዛሁ። አንድ በጋ ሳይሞላው እንደ ማስቲካ እጄ ላይ ተጣበቀ። ማኅተም የሌለው የ15 ዶላሩ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። የፊት ጥርስ ስትገዙ ደግሞ መለኪያ ያዙ። የካምፓኞሎ ሪከርድ ክራንክ እስከ 1967 ድረስ ጥርሱን የሚያስሩት ብሎኖች የቆሙበት ክብ ስፋቱ 151 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከዚያ በኋላ 144 ሆነ። "ለሁሉም ይሆናል" ያለኝን ሻጭ አምኜ አንዱ እስካሁን ግድግዳዬ ላይ ሰዓት ሆኖ ተሰቅሏል።

ሰንሰለት፣ ካቦ፣ ጎማ፣ የፍሬን ጎማ ላይ ግን የዘመኑ ምናምን አትበሉ። አዲስ ግዙ። የሃምሳ ዓመት የፍሬን ጎማ ድንጋይ ነው፤ ሮክ ክሪክ ቁልቁለት ላይ አይያዝም።

ፔዦ ወይም ሌላ የፈረንሳይ ኮርስ ለያዛችሁ ለብቻ መናገር አለብኝ፤ ጋራዥ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱ ነውና። የፈረንሳይ ፊሌት (የብሎኑ ጥርስ) ከማንም ጋር አይስማማም። የክራንክ ኩሽኔታው 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጣሊያን 36፣ የእንግሊዝ ወደ 34.8። አንድ ወዳጄ ለፔዦው የጣሊያን ካምፓኞሎ ኩሽኔታ በ70 ዶላር ገዝቶ መጣ። አልገባም። "በግድ ይገባል" ብሎ ሊያጠብቅ ሲል ከእጁ ነጠቅሁት። የእንግሊዙ የቀኝ በኩል ተገልብጦ በግራ ነው የሚጠብቀው፤ የፔዦው በሁለቱም በኩል እንደ ተራ ብሎን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የሚፈታ መስሎት ሲያጠብቅ ይውላል። የመሪው አንገት 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌላው አብዛኛው 22.2። የኋላ ጥርሱም ፊሌት የራሱ ነው። ስትሮንግላይት ክራንክ ካለበት ደግሞ በተለመደው የ22 ሚሊ ሜትር የክራንክ ማውጫ መሣሪያ እንዳትነኩት፤ ፊሌቱን ልጦት ይወጣል። የሱ 23.35 ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የራሱን ኩሽኔታ አትለውጡ። ፍቱት፣ በላምባ (ኬሮሲን) እጠቡት፣ በየጎኑ 11 የሩብ ኢንች የብረት ኳስ አድርጉለት፣ አዲስ ግራሶ ቀቡት። ወጪው 5 ዶላር አይሞላም። ከዚያ ሲምፕሌክስ ፕላስቲኩን አንስታችሁ ሰንቱር ስቀሉለት። አለቀ።

ካምፓኞሎ የሚገባው ብስክሌት የለም ማለቴ አይደለም። ፍሬሙ የጣሊያን ከሆነ፣ ዕቃው ገና ላዩ ላይ ካለና በሙሉ ከነነፍሱ የሚሸጥ ከሆነ፣ ውሰዱት። ሞዞውና የመሪው ኩሽኔታ እስከ ልጅ ልጅ ይሄዳል፤ ፈታታችሁ ግራሶ ስትቀቡት ደስታው ሌላ ነው። ስሙ ብቻ ካማራችሁ ደግሞ ግራን ስፖርትን ፈልጉ። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ከሪከርዱ የሚረክስ የካምፓኞሎ መስመር ነበር። ያው ቪቼንዛ የተሠራ ነው፤ ሰብሳቢዎች ስለሚንቁት ግን የኋላ ካምቢዮውን በ30 ዶላር አግኝቼዋለሁ። ውዱ ሱፐር ሪከርድስ? ያንን ለዶክተሮች ተዉላቸው።

ጋሼን ባለፈው ወር ሰንቱሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። የመኪና ማቆሚያውን ሁለቴ ዞሩ። ማርሹን ወደ ትልቁ ጥርስ ከተቱት፣ አወጡት፣ ደግመው ከተቱት። ወርደው ጎንበስ ብለው ካምቢዮውን አዩ። "ስንት አልከኝ?" አሉ። ነገርኳቸው። "እኔ ጋ አንድ ፍሬም አለ" አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ወደዚህ ሳምንቱ ፎቶ። ብስክሌቷ ፔዦ ዩ ኦ 8 ናት፤ ፕላስቲኩ ከሩቅ ይታያል። ወንድሜ፣ 80 ብዙ ነው፤ 50 በለው፣ በ60 ከተስማማ ውሰዳት። ጎማዋ 27 ኢንች ነው፤ ለአዲስ ጎማ ስትሄድ ሰባት መቶ ሲ (700C) የሚባለውን ልክ አትግዛ፣ አይሆናትም። ብር ከማውጣትህ በፊት ግን የኮርቻውን ዘንግ ፈትተህ አሽከርክረው። ካልተነቃነቀ ዝጎ ተጣብቋል ማለት ነው። ያኔ 20 ዶላርም አትክፈል።