የቢየላ ብሮንዚና ብቻ ተቀይሮ ከወራት በኋላ፦ ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ በአዳማ ሙቀት

ከመተሐራ ተመልሶ አዳማ ሲገባ፣ ሞተሩ እንደጋለ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ሲቆም፣ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ያለው የዘይት መብራት ጭል አይልም። ይህን ግምገማ ያስጻፈኝ ይኸው ነው። ብሮንዚናው፣ ማለትም ፒስቶኑን ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዟሪ ዘንግ) ጋር በሚያገናኘው ቢየላ ውስጥ የሚገባው ስስ የብረት ሽፋን፣ ከመቀየሩ በፊት ገበያ መሀል ባለ ጭንቅንቅ ሁሉ ጭል ጭል ይል ነበር። መኪናው 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለፈ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባል ሞተር ያለው ኮሮላ ነው፤ የተገዛው ዕቃ ደግሞ ስታንዳርድ መጠን ያለው የቢየላ ብሮንዚና፣ 4 የላይ 4 የታች፣ በድምሩ 8 ቁራጭ። ፒስቶንም ፋሻም (የፒስቶን ቀለበት) አልተነካም። ሌላው ነገር ሁሉ እንደነበረ ነው፤ ስለዚህ የተለወጠው ግፊት የብሮንዚናው ሥራ ነው።

«ወፍራም ዘይት ጨምርበትና ንዳው» ለሚል ዘይት ሻጭ መልሱ ቀላል ነው። ዘይት ወደ ቢየላው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የኮሎውን ዋና ብሮንዚና ያጠጣል፣ ከዚያ ኮሎው ውስጥ በተበሳው ቀዳዳ ወደ ቢየላው ይሄዳል። ብሮንዚናው ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ በጎንና በጎን ይፈሳል፣ የዘይት ፖምፓው ሚኒሞ ላይ የሚፈሰውን መተካት ያቅተዋል። ወፍራም ዘይት መፍሰሱን ያዘገየዋል እንጂ ክፍተቱን አይደፍነውም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ቢየላው ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ብሮንዚና በብዛት የሚበላው በዚያች ቅጽበት ነው። የቢየላው ኳኳታ ይቀንሳል፣ ጉዳቱ ይቀጥላል።

«ሙሉ ሞተር ቀይር» የሚለውም አለ። የሚሸጠው ያገለገለ ሞተር ውስጥ ያለውን ብሮንዚና ማንም ከፍቶ አያሳይም። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ተከፍቶ፣ ኮሎው ተለክቶ፣ የታወቀ ክፍተት ያለው የራስ ሞተር እያለ የማይታወቅ መግዛት ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

በእርግጥ ቢየላው መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። ሞተሩ ግሎ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ የበለጠ ከተሰማ፣ የአንዱ ካንዴላ ገመድ ሲነቀል ደግሞ ከቀነሰ፣ የዚያ ሲሊንደር ቢየላ ነው። መብራቱ ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ብቻ ስለሚበራ በእሱ አይፈረድም። የግፊት መብራቱ ሴንሰር ተፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ ይታሰራል። ለዚህ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ0.3 ባር ማነስ የለበትም፤ 3,000 ዙር ላይ ከ2.5 እስከ 5 ባር ገደማ ይጠበቃል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ልኬቱ። መለዋወጫ ሻጩ «ስታንዳርድ ሁሉም አንድ ነው» ይላል። አይደለም። ቶዮታ ለዚህ ሞተር ሦስት ዓይነት ስታንዳርድ ብሮንዚና ነው ያወጣው፤ 1፣ 2 እና 3 ተብለው፣ ውፍረታቸው በ0.004 ሚሊ ሜትር እየተለያየ። የትኛው እንደሚገባ የቢየላው ክዳን ላይ ተጽፏል። በገበያ ላይ ባለው ካርቶን ላይ ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የለም፣ እና ይህ ያናድዳል፤ ለዚህ ስብስብ የምሰጠው ብቸኛ ወቀሳም ነው። ቁጥር ከሌለ መፍትሔው መለካት ብቻ ነው።

ኮሎው ከመኪናው ሳይወርድ መለካት ይቻላል። ቢየላው የሚታሰርበት አንገት በሚክሮሜትር ሁለት ቦታ፣ በእያንዳንዱም ቦታ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ስታንዳርዱ ከ39.985 እስከ 40.000 ሚሊ ሜትር ነው። በልኬቶቹ መካከል ከ0.02 በላይ ልዩነት ካለ፣ ወይም ጥፍር ሲሄድበት የሚይዝ ጭረት ካለ፣ ብሮንዚና ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ኮሎው ወርዶ በማሽን ይሞረዳል፣ 0.25 የሚባለው ወፈር ያለ ብሮንዚናም ይገባለታል። በብርጭቆ ወረቀት በእጅ አሽቶ «ለሰለሰ» ማለት አንገቱን ሞላላ ያደርገዋል።

ከዚያ ፕላስቲጌጅ፣ ሲጨመቅ ክፍተቱን የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር። አረንጓዴው ከ0.025 እስከ 0.076 ሚሊ ሜትር ያነባል፤ ለዚህ ሥራ እሱ ነው። ዘይት በደንብ ተጠርጎ፣ ክሯ በአንገቱ ርዝመት ትጋደማለች፣ ክዳኑ በሙሉ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ይታሰራል፣ ኮሎውን ማንም አያዞረውም፤ ከዞረ ልኬቱ ከንቱ ነው። ሲፈታ ክሯ እንደ ሪባን ተደፍጥጣ ትገኛለች፤ ስፋቷ ከወረቀቱ መለኪያ ጋር ይነጻጸራል። መደበኛው ክፍተት ከ0.020 እስከ 0.051 ሲሆን ጣሪያው 0.08 ነው። የሪባኗ አንድ ጫፍ ከሌላው ሰፍቶ ከታየ አንገቱ ሾጥጧል፤ የተነሳው አሮጌ ብሮንዚናም አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ከተበላ ቢየላው ጠምሞ ይሆናል። ይህ ስብስብ አራቱም ላይ መደበኛው ውስጥ ገባ። ዋጋው ከርካሹ ይበልጣል፣ ግን የከፈልኩት ለዚህ ነው፣ አልጸጸትም።

ሲገጠም መኪናው በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ይቆማል፤ ክሪክ ብቻ ላይ ከሥሩ አይገባም። ባትሪው ይነቀላል፣ ዘይቱ ይወርዳል፣ ከኮፓው ሥር የሚያልፈው የጭስ ቱቦ ይፈታል፣ ከዚያ ኮፓውና የዘይት መጥለያው። 1ኛውና 4ኛው ቢየላ አብረው ወደ ታች ይመጣሉ፣ 2ኛውና 3ኛውም እንዲሁ፤ ስለዚህ ኮሎው ግማሽ ዙር ብቻ ይዞራል። ክዳኖቹ አይቀላቀሉም፣ የፊት ምልክታቸውም ወደ ቺንጋው (ቀበቶው) ይዞራል። ቡሎኖቹ ላይ አጭር የጎማ ቱቦ ይሰካል፤ ቢየላው ሲገፋ አንገቱን እንዳይጭሩት።

የብሮንዚናው ጀርባና የሚያርፍበት ቦታ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፣ ዘይት የሚቀባው ፊቱ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ዘይት ወይም ቆሻሻ ከቀረ ሙቀት አያልፍም። ጫፉ ከቢየላው ጠርዝ በጥቂቱ ከፍ ብሎ መታየቱ ስህተት አይደለም፤ ሲታሰር ተጨምቆ ቦታውን የሚይዘው በዚያ ነው። ክፍተት ለማጥበብ ክዳኑን የሚሞርዱ፣ ወይም ከብሮንዚናው ጀርባ ላሜራና ወረቀት የሚከቱ አሉ። ክዳን የተሞረደበት ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ ያ ሞተር ጥቂት ሮጦ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። የማሰሪያው ቶርክ እንደ ሞተሩ ዓመት ይለያያል፤ የድሮዎቹ 49 ኒውተን ሜትር፣ የኋላዎቹ 29 ኒውተን ሜትር ሲደመር 90 ዲግሪ ናቸው። የራስን ዓመት መመሪያ ማየት የግድ ነው፤ በግምት ማሰር እዚህ አይሠራም። እያንዳንዱ ሲታሰር ኮሎው በእጅ ይዞር፤ ከከበደ የመጨረሻው ተፈትቶ ይታይ። የቢየላው የጎን ጫወታም (ወደ ጎን የሚንቀሳቀስበት ክፍተት) ከ0.30 ሚሊ ሜትር አይለፍ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ዘይት ይሞላበት፣ ማቀጣጠያው ተነቅሎ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዞር፣ ከዚያ ይነሳ።

ከወራት በኋላ ኳኳታው አልተመለሰም። በፈጣኑ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዳገትና ወደ አዋሽ የሚወርደው ሙቀት ሁለቱም ተፈትነውበታል፤ ጌጁ ሚኒሞ ላይ ከዝቅተኛው በላይ ነው። ዘይቱ 10 ደብልዩ 40 ነው፣ «ወፍራሙ 20 ደብልዩ 50 ካልሆነ» የሚለው ሻጭ አላሳመነኝም። ሰማያዊ ጭስና ዘይት መጠጣት ካለ ግን ከዚህ ዕቃ መጠበቅ የለበትም፤ ያ የፋሻው ጉዳይ ነው። የአዳማ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ የአየር ማጣሪያ ሳይቀየር ከገባ አዲሱንም ብሮንዚና ይጭረዋል። የመጀመሪያው ዘይት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በፊት ይወርዳል፣ ፊልትሮውም ተቆርጦ ይታያል፤ የብሮንዚና ፍርፋሪ ማግኔት ስለማይዘው የኮፓው ማግኔት ንጹሕ መሆኑ ብቻ አያስተማምንም። በማጣሪያው እጥፋት መሀል የሚያብረቀርቅ ነገር ከሌለ ኮፓውን መልሶ የሚያስከፍት ምክንያት የለም።