ሞምባሳ ከሄዳችሁ ፎርት ጂሰስን እንዳታልፉት

ሞምባሳ ድረስ ሄዶ አሸዋ ላይ ብቻ ተጋድሞ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። እዚያው አሮጌው ከተማ ጠርዝ፣ ባሕሩ አፍ ላይ ፎርት ጂሰስ የሚባለው የድሮ ምሽግ አለ። እኔ ከአምስት አምስት ሰጥቼዋለሁ።

ፖርቱጋሎች ወደ ህንድ የሚወስደውን የመርከብ መስመራቸውን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት ጀመሩት። የነደፈው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነው። ከላይ ሲታይ እጅና እግሩን ዘርግቶ የተኛ ሰው ይመስላል። ማዕዘኖቹ ወደ ውጭ ስለወጡ ግድግዳው ሥር የተጠጋ ጠላት ከጎን ይመታል፤ አንዱ ማዕዘን ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ወዲያው ይገባችኋል።

ብዙ ሰው መድፎቹ ጋ ፎቶ ተነስቶ ይወጣል። ታሪኩን ሳያውቁ መውጣት ግን ያስቆጫል፣ ምክንያቱም ይሄን የመሰለ ግንብ የጣለው መድፍ አይደለም። በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን፣ ህንድ ውስጥ ባለችው የያኔዋ የፖርቱጋሎች ግዛት ጎዋ ያደገና ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ክርስትና ያስነሱት ሰው፣ ውስጥ ገብቶ አዛዡን ገደለና ምሽጉን ያዘ። በኋላ ደግሞ ኦማኖች መጡ። ከ1696 እስከ 1698፣ 33 ወር ገደማ ከበቡት። ውስጥ ያሉትን የፈጃቸው በአብዛኛው በሽታና ረሃብ ነበር፣ መጨረሻ ላይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምሽጉ ከወደቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጎዋ እርዳታ ደረሰ፤ መርከቦቹ የኦማንን ባንዲራ ሲያዩ ተመለሱ።

ሙዚየሙ ውስጥ ከሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና የወጡ ዕቃዎች አሉ። ይህች መርከብ የተከበቡትን ልትረዳ መጥታ በ1697 እዚያው ምሽጉ አፍንጫ ሥር ሰጠመች። እነዚያን ዕቃዎች ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የግድግዳ ሥዕሎቹን ነው። የፖርቱጋል ወታደሮች በከሰልና በቀይ አፈር የሣሏቸው ናቸው፣ መርከብ፣ ዓሣ፣ ሰው። መስመሩ የልጅ እጅ ይመስላል፣ የመርከቦቹ ሸራና ገመድ ግን በጥንቃቄ ነው የተሣለው። ባሕሩን ሲያዩ የሚውሉ ሰዎች እንደነበሩ ያስታውቃል። እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ።

እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት አድርገውት ነበር። በ1962 ሙዚየም ሆነ፣ በ2011 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው።

ጠዋት ሂዱ፣ የሞምባሳ የቀትር ፀሐይ ግንብ ላይ ሆኖ አይቻልም። መጀመሪያ ሙዚየሙን እዩ፣ ግንቡ ላይ ከዚያ በኋላ ውጡ። የከበባውን ታሪክ የሚተርክላችሁ አስጎብኚ ካገኛችሁ ደግሞ አትሰስቱ፣ ያዙ።