አዲስ ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት ፒያሳ ጎራ በሉ

ዘንድሮ ስልክ ልቀይር ብሎ ሱቅ ገብቶ ዋጋውን ሲሰማ ቀስ ብሎ ያልወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። ስልኩ እዚሁ አገር ቢገጣጠም እንኳ ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። ስለዚህ ሰው ያለውን ማስጠገን ያዘ። እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የጥገና ቤት ነው።

ያለችው ጎንደር ፒያሳ፣ ከጣሊያን ጊዜ ፎቆች ጀርባ ነው። ስም የላትም። ታፔላዋ ላይ «ሞባይል ጥገና» ይላል፣ በቃ። እንዲህ የሚል ታፔላ ፒያሳ ሞልቷል፤ ደጃፉ ላይ ሁሌም ሰው ቆሞ የሚጠብቅበትን ካያችሁ እሱ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጠጋኙ ልጅ እጁ ይባረክ የሚባል ነው። ሐቀኛም ነው። ምስጢር በመጠበቅ ግን ዜሮ ነው የምሰጠው፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ቤቱን በደንብ ማየት የፈለገ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ይሂድ። ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ስልካችንን ወደ ላይ ዘርግተን ላይቭ ስንገባ፣ ጸበሉ ሲረጭ፣ ጎረምሳው ከነልብሱ ዘሎ ሲገባ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ኪሱ ውስጥ ስልክ እንዳለ ትዝ የሚለው ውሃው ውስጥ ሆኖ ነው። ከዚያ ቤት ይወስደውና ሩዝ ውስጥ ይቀብረዋል። የፎገራ ሩዝ ለእንጀራም ለሾርባም የሚሆን ጥሩ ሩዝ ነው፣ ስልክ ግን አያደርቅም። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ስልካችሁን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ደቃቁ ገብቶ ያበላሸዋል ብሎ መክሯል። እዚህ ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ይህንን በዓይኑ ያየዋል፤ እኔ ቆሜ እያየሁ ከአንድ ስልክ የቻርጅ ቀዳዳ ውስጥ የሩዝ ስብርባሪ በመርፌ ጫፍ እየለቀመ ያወጣ ነበር፣ ባለቤቱ ደግሞ አንገቱን አቀርቅሮ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልኩ በርቶ ከመጣ መጀመሪያ ያጠፋዋል። ጀርባውን በሙቀት ሙጫውን አላልቶ ይከፍታል፣ ከምንም በፊት ባትሪውን ይነቅላል። ቦርዱን አውጥቶ በንጹሕ አልኮል በጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጎ ያጥበዋል። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ሥር ያስገባውና «ና እይ» ይላችኋል። እዚህ ላይ ነው የወደድኩት። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ የሽቦ እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮ ታያላችሁ። «ውሃው ብቻውን አይደለም የሚገድለው፣ እርጥብ ሆኖ ማብራታችሁና ቻርጅ መሰካታችሁ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድንና የባትሪው ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ብረቱ ይበላል። ስለዚህ ስልካችሁ ከረጠበ አጥፉት፣ ሲምና ሚሞሪውን አውጡ፣ እስኪከፈት ድረስ «እስቲ ይሠራ ይሆን» ብላችሁ አትነካኩት።

«የኔ አይፒ68 ነው፣ ውሃ አይገባውም» የሚል ጎበዝም አይጠፋም። ያ ቁጥር የተሰጠው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በንጹሕና በረጋ ውሃ ተፈትኖ ነው። የመዋኛው ውሃ ደግሞ ከቀሀ ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣ ነው፣ በዚያ ላይ የሺህ ሰው እግር ገብቶበታል። ስልኩ አንዴ ወድቆ ከነበረ ወይም ስክሪን ለማስቀየር ተከፍቶ ከነበረ ደግሞ ውሃ የሚከለክለው ሙጫ አብሮ ሄዷል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያኔ ወሬ ብቻ ነው።

ወደ ስክሪን ልምጣ፣ እኔን እዚያ ቤት የወሰደኝ እሱ ነውና። የኔ ሳምሰንግ ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ስክሪን ተቀይሮለት ነበር። «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ ነው የከፈልኩት። ከዚያ በኋላ የጣት አሻራው እምቢ አለ፣ ባትሪውም ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ይኼኛው ልጅ ስልኩን እንኳ ሳይከፍት ጥቁር ፎቶ ከፈተበት፣ መብራቱን አጠፋና «እየው» አለኝ። ጥቁሩ ጥቁር አልነበረም፣ አመድማ ሆኖ ያበራል። ነገሩ ቀላል ነው። ኦሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ ብርሃን አላት፤ ጥቁር ስትሆን ጭራሽ ትጠፋለች። ኮፒው ኤልሲዲ ግን ከጀርባው ሁልጊዜ የሚበራ መብራት አለው፣ ስለዚህ ጥቁሩም ያበራል። ከስክሪኑ ሥር ያለው የጣት አሻራ ማንበቢያም በዚያ ውስጥ ማየት ስለማይችል ሥራ ያቆማል። እናንተም ስክሪን ባስቀየራችሁ ጊዜ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን ሞክሯት። ጃኬታችሁን ስልኩ ላይ ደፍታችሁ ጥቁር ፎቶ ማየት ነው፣ ሌላ ምንም አይጠይቅም።

ልጁ ሁለት ዓይነት ስክሪን አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝና የሁለቱንም ዋጋ ነገረኝ። ኮፒውን ኮፒ ብሎ ነው የሚሸጠው። ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው። አቅም የሌለው ሰው ኮፒ ቢገዛ ነውር የለበትም፣ ነውሩ ኮፒን በኦሪጅናል ዋጋ መሸጥ ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት የዛሬ ወር ስለማይሠራ። ግን የኔ ኦሪጅናሉ ተገጥሞ የወጣው ገንዘብ ተመሳሳዩን ስልክ አዲስ ለመግዛት ከሚጠየቀው በብዙ ያንሳል።

ባትሪም ይቀይራል፣ እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ሰው ይወቅ፦ ስልካችሁ ስለተንቀረፈፈ ብቻ አርጅቷል ማለት አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ፍጥነት ሆን ብሎ እንደሚቀንስ አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አውርዶ ነበር። ያኔ አዲስ ስልክ ሊገዙ ተነስተው የነበሩ ሰዎች ባትሪ ቀይረው ቀጠሉ። አይፎን ላይ ሌላ ሰው ባትሪ ሲቀይርላችሁ ስልኩ «ያልታወቀ ዕቃ» የሚል መልእክት ሊያወጣ ይችላል፤ ልጁ ይህንን ሥራውን ሳይጀምር ይናገራል፣ በኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ። ያበጠ ባትሪ ካላችሁ ደግሞ በምንም ዓይነት በቢላ ለመንቀል እንዳትሞክሩ። ውስጡ ጋዝ ነው፣ ከተወጋ ይቀጣጠላል።

አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለ ኤአይ ስልክ ነው። ፎቶ ላይ ሰው የሚያጠፋ፣ ድምፅ የሚጽፍ፣ ምናምን። ይሁን፣ ደስ ይላል። እኔን ከዚያ ሁሉ የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላው ለውጥ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ከፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ በ2024 ከኤስ24 ጀምሮ ለ7 ዓመት ሶፍትዌር እናድሳለን ብለዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎም ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ፣ መለዋወጫውም ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲገኝ አስገድዷል። ሕጉ የእነሱ ነው፣ ስልኩ ግን ዞሮ ዞሮ በዱባይ በኩል ጎንደር ይደርሳል። ሶፍትዌሩ 7 ዓመት ከቆየ መሃል ላይ ባትሪና ስክሪን የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ የፒያሳው ልጅ ሥራ ገና እየጨመረ ነው የሚሄደው።

ሐቀኛ ነው ያልኩበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተራዬን ስጠብቅ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት መጡ። ስልካቸው ሃንግ እያደረገ፣ ፎቶ አላነሳም እያለ አስቸግሯቸዋል። አዲስ ልትገዛልኝ ልጄ ብር ልካለች፣ የትኛው ይሻላል ብለው ነው የጠየቁት። ሌላ ቦታ ቢሆን ያኔውኑ አንድ ስልክ ተሽጦላቸው ነበር። እሱ ግን ተቀብሎ አየውና፦

«እማማ፣ ስልክዎ ምንም አልሆነ። ሞልቶ ነው።»

«ምን ሞላው ልጄ? እኔ እንደሁ ከመደወል በቀር የማውቀው የለ።»

«የዕድሩ ቴሌግራም ግሩፕ ነው እማማ። መዝሙሩም፣ ቪዲዮውም፣ የደህና አደራችሁ ፎቶውም ሁሉ እዚህ ተቀምጧል።»

«አዬ! እነሱማ ሲነጋ ይጀምራሉ።»

ቴሌግራም ሴቲንግ ገብቶ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ፣ ከዚያ ክሊር ካሽ አደረገላቸው። የሚቀመጠው ፋይልም በየሳምንቱ ራሱ እንዲጠፋ አስተካከለው። መልእክቱ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ አይጠፋም፣ ሲፈልጉ መልሶ ይወርዳል ብሎ አስረዳቸው። ስልኩ እዚያው ቀለል አለ። «ስንት ነው?» ሲሉት «ይመርቁኝ» አለ። መርቀውት ሄዱ፣ ረጅም ምርቃት ነበር፣ እኛም አሜን እያልን ቆመን ጠበቅን።

የተቆለፈ ስልክ ከፍቶ የመስጠት ነገርም አለ። ካርቶኑን ወይም ደረሰኙን ካላመጣችሁ የጉግል አካውንት ቁልፍ አይሰብርም። አንዱ ሲለማመጠው ሰምቻለሁ፣ እምቢ አለ። የተሰረቀ ስልክ ገዢ ካጣ ሌባውም ይቀንሳል፣ እና ይህቺ እምቢታ ለከተማው ትጠቅማለች።

አሁን ወደ ጉዱ። ስልኬን ጥዬ ስሄድ ፓተርን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፤ ስክሪኑ መሥራቱን ለማየት ያስፈልገዋል። ስመለስ ስልኬ መስታወቱ ሥር ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ አገኘሁት። ጀርባው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ላይ ስሜና ስልክ ቁጥሬ፣ ከሥሩ ደግሞ ዘጠኝ ነጥብ ተደርጎ ፓተርኔ ከነቀስቱ ተስሏል! ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ። የጎረቤቴ ስልክ ላይም የእሱ አለ፣ አነበብኩት። ስነግረው «እንዳይቀላቀልብኝ ብዬ ነው ወንድሜ» አለ፣ ቅር እንኳ አላለውም። ይሄ አንድ ደብተር ገዝቶ የሚፈታ ነገር ነው። እስካሁን አልፈታውም።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠብቁ። ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ ኬር ከሚለው ሥር ሜንተናንስ ሞድ የሚባል አለ። እሱን ስታበሩት ስልኩ ጠፍቶ ይነሳና ፎቶአችሁም፣ ቴሌግራማችሁም፣ መልእክታችሁም ለጠጋኙ አይታይም፤ ስልኩን ተቀብላችሁ በራሳችሁ ቁልፍ ስታጠፉት ሁሉም ይመለሳል። ፒክስልም ሪፔር ሞድ የሚል ተመሳሳይ ነገር አለው። ሌላ ስልክ ከሆነ ወይም ስክሪኑ ጭራሽ ካልበራ፣ ቢያንስ ሲማችሁን አውጥታችሁ ሂዱ። ሲማችሁ እጁ ላይ ያለ ሰው የቴሌግራም መግቢያ ኮድ በመልእክት ሊደርሰው ይችላል። ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል ከሌላችሁ ዛሬውኑ አድርጉ። የቴሌብር ፒን ደግሞ ለማንም ጠጋኝ አያስፈልገውም፣ ከጠየቃችሁ ስልካችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ሌላው ችግር ቀጠሮ ነው። «ነገ ና» ማለት ነገ ማለት አይደለም። ደረሰኝም አይሰጥም። ዋስትናውን በቃል ነው የሚነግራችሁ፤ እኔ ግን የገጠመውን ስክሪን ፎቶና የተባባልነውን በቴሌግራም ልኬለት «እሺ» የሚል መልስ አስቀርቼበታለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ አይቀየምም።

የሚሄድ ሰው ጠዋት ይሂድ። ቅዳሜ አይሞከርም፣ ከገጠር ለገበያ የወጣው ሁሉ ስልኩን ይዞ እዚያ ነው። ክፍያ በቴሌብርም በጥሬም ይቀበላል። መብራት የጠፋ ቀን ግን ቀድማችሁ ደውሉ፤ ጀነሬተር የለውም፣ ስክሪን ማውለቂያውም ሶልደሩም ያለ መብራት አይሞቁም፣ ሄዳችሁ የምታገኙት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ ነው።